ዛፉ ውስጥ ያለው ከሰል

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዛፍ ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደሞዝ ፔሮል ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠራት "ሜትር" እያለ ነው። የሰፈሯ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩዋት "ኧረ ሜትር መጣች፣ ሆዳችሁን አስገቡ!" ይላሉ። እሷም ዝም አትልም፤ "የናንተንማ ለመለካት ገመዱም አይበቃኝ" ብላ ትመልስና ተሳስቀው ይለያያሉ።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ላይ፣ ማለትም ልክ ከኮቷ ሦስተኛ ቁልፍ ትይዩ፣ ሜትሩን ግንዱ ላይ ትጠመጥማለች፤ ያነበበችውን በእርሳስ ትጽፋለች፤ ከዚያ ቁጥር የተቀረጸባትን ትንሽ ቆርቆሮ በሚስማር ትመታበታለች። ኮቱ አልቆ ሌላ ስትገዛ መጀመሪያ የምታደርገው ሦስተኛውን ቁልፍ በልኩ ማዛወር ነው። ሥራዋን ትወድ ነበር። "ነበር" ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ድሮ የምትለካው ለሚቆረጥ ዛፍ ነበር። እንጨቱ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ወደብ ይወርዳል፤ የደኑ ሰው ደግሞ መጋዝ ከጣለው ቅርንጫፍ ላይ ለማገዶ ይለቅማል። ኋላ ነገሩ ተገለበጠና ለማይቆረጥ ዛፍ መለካት ጀመረች። ፕሮጀክት መጣ አሉ። አዲስ መኪና መጣ፣ አዲስ የቢሮ ወንበር መጣ፣ አዲስ ኃላፊ መጣ። ይሄ ኃላፊ በዕድሜ ልጇ ይሆናል፤ ግን እሷ "እርስዎ" ትለዋለች፣ እሱ "አንቺ" ይላታል። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ "እትዬ" ትሆናለች።

ጉዱ የጀመረው በስብሰባው ቀን ነው። የደኑ ዙሪያ ነዋሪ ሁሉ በቢሮው አዳራሽ ተሰበሰበ። ከገዢው ኩባንያ የመጣ ፈረንጅ ግማሽ ሰዓት ተናገረ፤ ከከተማ የመጣች አስተርጓሚ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ተረጎመች። ካርቦን ይገዛሉ አለች። ካርቦናችሁ ሀብት ነው አለች። ካርቦን፣ ካርቦን፣ ካርቦን። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ይቅርታ ልጄ፣ ይሄ ካርቦን የምትይው ያ ደረሰኝ መሃል የሚገባው ሰማያዊ ወረቀት ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተርጓሚዋ ቀላች። "አይ አባቴ፣ እሱ አይደለም። ካርቦን ማለት... ካርቦን ነው" አለች።

ምን አለ ያን ቀን የሜትር ምላስ በታሰረ! ስምንተኛ ክፍል የተማረችው ትዝ አላትና ብድግ አለች። ያውም በኩራት። "ከሰል ማለት ነው" አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ዛፉ ውስጥ ከሰል አለ። የሚገዙት እሱን ነው። እኔ የምመታው ቁጥር ደግሞ የእያንዳንዱ ዛፍ መታወቂያ ነው፤ ስንት ከሰል እንዳለው የሚታወቀው በሱ ነው። ቁጥሩ እንዳይጠፋ አደራ!"

"አሃ!" አለ ሰዉ። ገባው። አጨበጨበ። ፈረንጁም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አጨበጨበ። ኃላፊው ተነስቶ "እንግዲህ ደኑ ከዛሬ ጀምሮ የጋራ ሀብታችን ነው፤ ጠብቁት፤ ለሌላ ለማንም እንዳትሸጡ" አለና ወረቀቱ ዞረ። መጻፍ የሚችለው ፈረመ፣ የማይችለው አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አሳረፈ።

ከኋላ ወንበር ታላቅ ወንድሟ ተቀምጦ ነበር። ወንድም ጋሼ ነው የምትለው፤ ካባታቸው ሞት በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ከሰል አክሳይ ነው፤ አባታቸውም ከሰል አክሳይ ነበር። በፈቃድ፣ ከወደቀ እንጨት ብቻ። እጁ በሳሙና ቢታሽ፣ በአሸዋ ቢታሽ ነጭ ሆኖ አያውቅም። ያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጡ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ "ዛሬስ አኮራሽኝ" አላት። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሌላ አልተናገረም። ምናለ በተናገረ!

ከሦስት ወር በኋላ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ወንድም ጋሼ መጥረቢያውን ስሎ ወደ ደኑ ገባ። አልተደበቀም። ምን ያስደብቀዋል? በጠራራ ፀሐይ አሥራ ስምንት ዛፍ ጣለ፤ ቁጥር ያላቸውን፣ ጥሩ ጥሩውን መርጦ። እንጨቱን ደረደረ፣ ሣርና አፈር አለበሰ፣ መተንፈሻ ቀዳዳ ተወለት፣ ለኮሰው፣ ቀንም ሌትም እየዞረ ጠበቀው። የደኑ ዘበኛ ጭሱን አይቶ መጣ። እሱም ስብሰባው ላይ ነበረና "በርታ! ቀደምከን እኮ" ብሎት አለፈ።

ከዚያ ሠላሳ ስድስት ጆንያ ከሰል በጋሪ አስጭኖ የቢሮው በር ላይ ደረሰ። በየጆንያው አፍ ላይ የቆርቆሮ ቁጥሮቹን በሽቦ አስሮባቸዋል፤ ከየትኛው ዛፍ የትኛው ከሰል እንደወጣ። ኃላፊው ከቢሮው ሲወጣ ወንድም ጋሼ ኮፍያውን አውልቆ ነበር የጠበቀው።

"ጌታዬ፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ቁጥር ብቻውን ሦስት ጆንያ ወጥቶታል" አለው፣ እየሳቀ። "እንደሱ ያለ ዛፍ አይቼ አላውቅም።"

ሜትር ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ወጣች። ወንድሟ ሲያያት ፊቱ በራ። "ያልሽውን አመጣሁ" አላት። "ቁጥሩ አንድም አልጠፋም።" የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ፖሊስ ይጠራ ነበር። ወንድም ጋሼ እስከ መጨረሻው፣ እጁን ለካቴና እስኪዘረጋ ድረስ፣ ሚዛን ሊያመጡለት መስሎት ይጠብቅ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው ሜትርን አስጠራት። "እትዬ፣ ተቀመጪ" አለ። "እትዬ" ስትሰማ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ገባት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። "በስብሰባው ዕለት የካርቦን ትርጉም ለነዋሪው በግልጽ ተብራርቷል፤ ተከሳሹም ተረድቶ ፈርሟል" ይላል። ከሥሩ ስሟ ተጽፎ የፊርማ ቦታ ተትቷል።

"በግልጽ አልተብራራም እኮ ጌታዬ" አለች። "ያብራራሁት እኔ ነኝ። ከሰል ነው ያልኩት።"

"እሱን ነው እንድትረሺ የምፈልገው። የነዋሪው ፈቃድ የተበላሸ ነው ከተባለ ፕሮጀክቱ አለቀለት። ያንቺ ጡረታ ስንት ዓመት ቀረው?"

"ሦስት።"

"ታዲያስ!" አለና እስክሪብቶውን ዘረጋላት። እሷ "ላስብበት" ብላ ወጣች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አስተርጓሚዋን አገኘቻት፤ የኩባንያውን መጽሔት ዘርግታ ታገላብጣለች። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። የደኑ ፎቶ አለ፣ የሚስቁ የገጠር ሴቶች ፎቶ አለ፣ ቀጥሎ አራት ትልልቅ የጭስ ማውጫ ያለው ፋብሪካ አለ።

"ይሄ ደሞ የምን ፋብሪካ ነው?" አለች ሜትር።

"የገዢዎቹ ነው። መብራት ያመነጫሉ፤ ለሀገራቸው።"

"በውሃ ነው?"

"በድንጋይ ከሰል።"

"በከሰል?!"

አስተርጓሚዋ ግራና ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያው... ከሰል ሲያቃጥሉ ጭሱ ከልክ ያልፋል፤ ያስቀጣቸዋል። እዚህ ያለው ዛፍ ሳይቆረጥ ከቆመ ግን፣ እሱ ያጠራልናል ብለው ያስመዘግባሉ። ያን ጊዜ ማቃጠላቸውን ይቀጥላሉ። ፈቃድ ነው የሚገዙት ማለት ይቻላል።"

እንግዲህ ስሙኝ። ሜትር የምትኖርበት ሰፈር መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ከመጣ ሰው ይመራረቃል። ደኑ ዙሪያ ያለው ሰው ደግሞ አምፖል የሚያውቀው በቢሮው ግቢ ነው። ፕሮጀክቱ ከመጣ ወዲህ ማገዶ የለቀመች ሴት ሁሉ መጥረቢያዋን ትቀማለች፤ በምትኩ አንዳንድ የቆርቆሮ ምድጃ ታደላቸው፤ ምድጃው በወሩ ተበሳ። እዚህ አንዲት እናት ጭራሮ ለቅማ ወጥ እንዳትሠራ ተከልክላ፣ እዚያ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት ያበራል። ይሄንንም "አረንጓዴ" ይሉታል። ዓይን አውጣነት ልክ የለውም! ሜትር መጽሔቱን መለሰችላትና ሽንት ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። አቅለሽልሿት ነበር።

በሳምንቱ ወንድሟን ለመጠየቅ ጣቢያ ሄደች። በወንፊት ሽቦ መሃል ነው የሚነጋገሩት። ጢሙ አድጓል፤ እጁ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነጣ ማለት ጀምሯል።

"ከሰሉን ዝናብ እንዳይነካው ሸራ አልብሱት በያቸው" አላት ገና ሳትቀመጥ። "ርጥበት ከገባው ይፈረካከሳል።"

"ወንድም ጋሼ፣ ከሰሉን አይፈልጉትም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የገዙት?"

እንደምንም ብላ ነገረችው። ዛፉ እንዲቆም ነው አለችው። እነሱ ሀገር ስላለው ፋብሪካ ነገረችው። ስትጨርስ ጭንቅላቱን እያከከ "ቆይ እንጂ፤ እነሱ ከሰል እንዲያነዱ ነው እኛ እንዳናከስል የተባልነው?" አላት።

"አዎ።"

"እኔስ በአንድ ጆንያ ነው የምነግድ። እነሱ በስንት ነው?"

"እኔ እንጃ። በተራራ ይሆናል።"

"እነሱንስ ማን አሰራቸው?" አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተናግሬ አስፈታሃለሁ" አለችው። እሱ ግን "ተይ፣ ዝም በይ። የራስሽን ነገር አታበላሺ" ብሎ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቃት ጀመር። አራት ናቸው፤ ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ወረቀቱን ሳትፈርም ሁለት ሳምንት ቆየች። ኃላፊው በየቀኑ "እትዬ" ይላታል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሥራው በትክክል መካሄዱን የሚያረጋግጥ መርማሪ ከውጪ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ትሑት፣ ሰው ሲያናግረው ጎንበስ የሚል። ደኑን በመኪና ዞረ፣ ወረቀት አገላበጠ፤ ከዚያ በቢሮው ግቢ ምሳ ተደገሰለት። ሥጋ ሊጠበስ ነው ተባለ።

ሜትር ውሃ ልትጠጣ ወደ ጓሮ ስታልፍ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ጆንያ ፈትታ ምድጃው ላይ ስትገለብጥ አየች። ጆንያው ላይ "ለማስረጃ የተያዘ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አለቻት።

"ኃላፊው ናቸው ከመጋዘን ውሰጂ ያሉኝ" አለች ሠራተኛዋ፤ ምንም የማታውቅ ምስኪን ናት። "ኧረ ተይኝ እቴ፣ እንዲህ ያለ ከሰል በዕድሜዬ አላየሁም! ጭስ የለው፣ ፍንጣሪ የለው። ማን ነው ያከሰለው? እጁ ይባረክ!"

"እጁማ ታስሯል" አለች ሜትር።

ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ እግሯ መሬት የሚረግጥ አይመስላትም። ኃላፊው ትልቁን ቁራጭ ለመርማሪው እየመረጠ ያነሳል፤ መርማሪው "ግሩም ነው" ይላል። ስቡ ከጣቱ ይንጠባጠባል። የወንድሟን ወር ሙሉ ድካም፣ የሚያስፈርዱበትን ማስረጃ፣ ቁጭ ብለው እየጠበሱ ይበሉበታል! ለሷም አንድ ሰሐን ተደረገላት። ሰሐኑን ገፍታ ተነሳች።

"አንድ ነገር ልናገር" አለች። ኃላፊው ዓይኑን አፈጠጠ፤ እሷ ወደሱ አላየችም። አስተርጓሚዋን "እንዳለ ተርጉሚልኝ፤ አንዲት ቃል ብትቀንሺ ዘላለም አልምርሽም" አለቻትና ሁሉንም ዘረገፈችው። ከሰል ነው ያልኩት አለች። ሰዉ የፈረመው ከሰል ሊሸጥ ነው አለች። ወንድሜ የታሰረው እኔን አምኖ ነው አለች። የምትበሉት ሥጋ የተጠበሰውም በሱ ከሰል ነው አለች።

አስተርጓሚዋ እውነትም አንድ ቃል አልቀነሰችም። መርማሪው ሹካውን አስቀመጠ። በጥሞና ሰማ። ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ መለሰ፤ አስተርጓሚዋም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመች።

"በጣም ጠቃሚ ነገር ነው ብለዋል። ስለ ቃላት አጠቃቀም ተጨማሪ ስልጠና እንዲሰጥ ይጽፋሉ። ስለ ዛፎቹ ግን አትጨነቂ ብለዋል። ገና ሲሸጥ ከመቶው አሥሩ በተለያየ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል ተብሎ ተቀንሶለታል። አሥራ ስምንቱ ዛፍ እዚያ ውስጥ ይጠቃለላል። ማንም አልተጎዳም።"

"ማንም ካልተጎዳ ወንድሜ ለምን ይታሰራል?"

አስተርጓሚዋ ጠየቀችው፤ እሱም ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ አዘነላት፤ እውነቱን ለመናገር ማዘኑ የውሸት አይመስልም ነበር። "እሱ የሀገሩ ሕግ ጉዳይ ነው፤ እኛ ጣልቃ አንገባም ብለዋል" አለች አስተርጓሚዋ። መርማሪው ሹካውን መልሶ አነሳ። ሜትር ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ሄዳ፣ አጥሩ ሥር፣ ያልበላችውን አስመለሰች።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት፣ ውሸታም ቢሏት ይሻላት ነበር። አመሰገኗት እኮ! ማታ ማታ አልጋዋ ላይ የሚያንገበግባት ያ "ጠቃሚ ነገር ነው" የሚለው ቃል ነበር። ኃላፊው በማግስቱ ጠርቷት በሩን ዘጋ። "ለእንግዳው ያልሽው እዚያው ይቀራል" አላት። "ፍርድ ቤት ቆመሽ ከደገምሽው ግን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ያን ጊዜ በዚህ ቢሮ ቦታ የለሽም። ጡረታሽንም እርሺው።" አሁን "እትዬ" አልነበረም። እሷ ወጥታ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለወንድሟ ሚስትም ነገረቻት፤ መስክራ አስፈታዋለሁ፣ ከዚያ ደብዳቤውን ፊቱ ላይ ወርውሬ እወጣለሁ አለቻት።

የችሎቱ ቀን መሰከረች። ቀኝ እጇን አንስታ ማለች፤ ያለችውን ቃል በቃል ደገመች። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጧት፤ የገባቸው መሰሉ። ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ተንፈስ አለች። ዳኛዋ ወደ ተከሳሹ ዞሩ።

"ምስክሯ ከሰል ይገዛሉ ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ ብላለች። እውነት ነው?"

ወንድም ጋሼ ተነሳ። እጁ አሁን ንጹሕ ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። እህቱን አላያትም።

"አይደለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት" አለ። "እህቴ እኔን ለማትረፍ ብላ ነው፤ ሆዷ አይችልም። እሷ ዛፉን እንዳትነኩ ነው ያለችው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ጆሮዬም ደከም ብሏል። የሰማሁት በስህተት ነው።"

"ውሸት ነው!" ጮኸች ሜትር። በዕድሜዋ በታላቅ ወንድሟ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። "ውሸታም! ጆሮህን ምንም አላመመህም! ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይዋሻል!"

"ጸጥታ!" አሉ ዳኛዋ። ሁለተኛ ከጮኸች እንደሚያስወጧት አስጠነቀቋት። ከዚያ ተከሳሹ ጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል ተባለ፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ፣ ጥሩ ሰው ሆኖ፣ ትንሽ እንዲነጋገሩ ፈቀደላቸው። ሜትር ታለቅሳለች፤ ልትመታውም ምንም አልቀራት።

"ምን ነካህ ወንድም ጋሼ? ልትፈታ ነበር እኮ!"

"ሊፈቱኝ ይችሉ ነበር። ላይፈቱኝም ይችሉ ነበር" አለ። "አንቺ ግን በርግጥ ትባረሪ ነበር። አሁን ቃልሽ ውድቅ ስለሆነ ፕሮጀክታቸው ተርፏል፤ አይነኩሽም። ቦርሳሽ ውስጥ ስላለው ወረቀት ሚስቴ ነግራኛለች። ቅደጂው።"

"ከነሱ ደሞዝ ከምበላ አፈር ልብላ! ያቅለሸልሸኛል። ቢሮው በር ላይ ስደርስ ገና ያስመልሰኛል።"

"ያስመልስሽ" አላት። "አስመልሰሽ ግቢ። አራቱ ልጆቼ ከዛሬ ጀምሮ የሚበሉት ከዚያ ነው። ሌላ ማን አላቸው?"

ፖሊሱ "በቃ" አለና ይዞት ሄደ። ደብዳቤውን እዚያው ኮሪደር ላይ ቆማ ቀደደችው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባች። ኃላፊው በሩ ላይ አገኛትና "እንኳን ደህና መጣሽ፣ እትዬ" አላት። "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ" አለችው። ደሞዝ ሊወጣ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።